አፑ ሳይሠራ አፑን መነካካት፦ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ማን፣ በምን ይነድፈዋል?

ዛሬ የምናወራው በየቀኑ ስለምታዩት፣ ግን ልብ ስለማትሉት ነገር ነው።

እስቲ ይህን አስቡት። ሱቅ ገብታችሁ በስልክ ልትከፍሉ ነው። ቁጥሩን አስገባችሁ፣ ብሩን ጻፋችሁ፣ «ላክ» የሚለውን ነካችሁ። ስክሪኑ ዝም። በተኑ ቀለሙን አልቀየረ፣ የሚዞር ነገር የለ፣ ምንም። ባለሱቁ ያያችኋል፣ ከኋላችሁ ሰው ቆሟል። ምን ታደርጋላችሁ? ድጋሚ ትነካላችሁ እንጂ! ከዚያ ሁለት ሜሴጅ ተከታትሎ ይገባል፤ ብሩ ሁለቴ ሄዷል። ከእኛ አዘጋጆች አንዱ ይህ ደርሶበት ሁለተኛውን ብር ለማስመለስ ሳምንት ሙሉ ተመላልሷል።

እዚህ ላይ የጎደለው የረቀቀ ቴክኖሎጂ አይደለም። ጣቱ ሲያርፍበት በተኑ ትንሽ ገባ ቢል፣ ጽሑፉ ወደ «እየተላከ ነው» ቢቀየርና ሁለተኛ እንዳይነካ ቢቆለፍ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። (ሰርቨሩም ተደግሞ የመጣውን ጥያቄ መለየት ነበረበት፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።) የግማሽ ሰከንድ እንቅስቃሴ ናት የጠፋችው።

ታዲያ ይቺን ግማሽ ሰከንድ ማን ነው የሚነድፋት? ኮዱ ከመጻፉ በፊትስ ትክክል መሆኗ በምን ይታወቃል? ዲዛይነሮች ለዚህ ሥራ የፕሮቶታይፕ መሥሪያ ሶፍትዌሮች አሏቸው። ፕሮቶታይፕ ማለት አስመሳይ አፕ በሉት። ውስጡ ባዶ ነው፤ ሰርቨር የለውም፣ እውነተኛ አካውንት የለውም። ግን ስልካችሁ ላይ ተከፍቶ ስትነኩት ልክ እንደ እውነተኛው ይመልስላችኋል።

በቃል አልገለጽ ያለ ነገር

የዛሬ 15 ዓመት ገደማ የአፕ ዲዛይነር ሥራው በአብዛኛው ስዕል ነበር። 20 እና 30 ስክሪን በፎቶሾፕ ይስልና ለፕሮግራመሩ ይልካል። ስዕሎቹ ያምራሉ፣ ግን ቆመዋል። ከአንዱ ስክሪን ወደሚቀጥለው የሚኬደው እንዴት ነው? ከጎን ተንሸራቶ ይገባል ወይስ ከታች ብቅ ይላል? ጣቴን መሀል ላይ ባቆመውስ? ዲዛይነሩ «ለስለስ ብሎ ይምጣ» ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራመሩ የገባውን ይሠራል። «እንደዚህ አላልኩም!» «ታዲያ እንዴት?» ዲዛይነሩ እጁን አየር ላይ እያወዛወዘ፣ በአፉ «ሹፕ» እያለ ያስረዳል። እየቀለድን አይደለም፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት።

እንቅስቃሴ ካልተነካ አይገባም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አፕል ቤት የተሠራ አንድ ሙከራ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። ስልካችሁ ላይ አንድ ረጅም ዝርዝር እስከ መጨረሻው ስትስቡት ጫፉ ላይ ትንሽ ተለጥጦ እንደ ላስቲክ ይመለሳል፣ አይደል? ይህን የነደፈው ባስ ኦርዲንግ የሚባል የአፕል ዲዛይነር ነው። ዝርዝሩ ጫፍ ደርሶ ደርቆ ቢቆም ሰው «ስልኩ ተጣበቀ» ብሎ ያስባል። ሲለጠጥ ግን «አልተበላሸሁም፣ መጨረሻዬ ነው» እያለ ነው። ኦርዲንግ እንዲህ ያሉ ሙከራዎቹን የሚሠራው ዳይሬክተር በሚባል የማክሮሚዲያ ሶፍትዌር ነበር፤ በሲዲ የሚታዩ የመልቲሚዲያ ሥራዎች ማዘጋጃ ማለት ነው። ስቲቭ ጆብስ በ2010 በአንድ መድረክ ላይ ሲናገር፣ ይህን የላስቲክ ስክሮል ሲያይ «ከዚህማ ስልክ መሥራት እንችላለን» የሚል ሐሳብ እንደመጣለት አውስቷል። አይፎን ለሕዝብ የታየው በጥር 2007 ነው። ከስልኩ በፊት ፕሮቶታይፕ ነበረ ማለት ነው።

የወደቀ ምርት ያፈራው መሣሪያ

በ2013 ፌስቡክ «ሆም» የሚል ነገር አወጣ። የአንድሮይድ ስልካችሁን ገጽ ሙሉ በሙሉ ፌስቡክ የሚያደርግ ነበር። አልተወደደም። አብሮት የወጣው የኤችቲሲ ስልክ በአሜሪካ ከኮንትራት ጋር በ99 ዶላር ተጀምሮ በወር ገደማ ውስጥ ወደ 99 ሳንቲም ወረደ። ግን አንድ ነገር ተርፏል፦ በሰው ፎቶ የተሠሩት ክብ የቻት ኳሶች። ስትስቧቸው የሚከተሏችሁ፣ ስትወረውሯቸው ጥግ ላይ የሚለጠፉት። ሜሴንጀር ላይ ለዓመታት ተጠቅመንባቸዋል።

እነዚያን ኳሶች በቆመ ስዕል ማስረዳት አይቻልም። ምን ያህል ፍጥነት ይኑራቸው? ስትለቋቸው ይነጥሩ ወይስ ተጎትተው ይቁሙ? የፌስቡክ ዲዛይነሮች ኳርትዝ ኮምፖዘር የሚባል፣ አፕል በ2005 ከማክ ኮምፒውተሮች ጋር ያወጣውን መሣሪያ አነሱ። መሣሪያው ለአፕ ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ የሚንቀሳቀሱ ምስሎች ማቀነባበሪያ ነው። እነሱ ላዩ ላይ የራሳቸውን ነገር ጨምረው ለአፕ ሥራ አዋሉት፣ በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ጭማሪውን «ኦሪጋሚ» ብለው በነፃ ለቀቁት። በ2016 ኦሪጋሚ ስቱዲዮ ተብሎ ራሱን ቻለ።

አሠራሩ ኮድ ለማያውቅ ሰው እንዲሆን ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ማብሪያ፣ ሽቦና አምፖል አስቡ። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዱ ሳጥን «ጣት ነካኝ» ይላል፤ እሱ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ከእሱ ሽቦ ስባችሁ «እንደ ሞላ ንጠር» ከሚለው ሳጥን ጋር ታገናኛላችሁ። ከዚያኛው ደግሞ ሌላ ሽቦ ወጥቶ ከበተኑ መጠን ጋር ይገናኛል። በቃ። በተኑን ስትነኩት ይጨማደዳል፣ ስትለቁት ነጥሮ ይመለሳል። ንጥረቱ በዛ ካላችሁ ቁጥሩን ትቀንሳላችሁ፤ ውጤቱ እዚያው ይታያል። ቅድም በእጅና በ«ሹፕ» ይገለጽ የነበረው ነገር አሁን ቁጥር አለው፤ ፕሮግራመሩም ያንን ቁጥር ይወስዳል።

ሁለተኛው መንገድ ሽቦም የለውም። የቀድሞ የአፕል መሐንዲስ የነበረው ዳንኤል ሁፐር በ2015 ባወጣው ፕሪንሲፕል፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ በፊግማ «ስማርት አኒሜት» የምታገኙት ነው። ሁለት ስክሪን ትስላላችሁ፦ አንዱ መነሻ፣ አንዱ መድረሻ። መሀሉን መሣሪያው ራሱ ይሞላዋል። ፎቶው እዚያ ትንሽ ነበር፣ እዚህ ትልቅ ነው? እንግዲያው ቀስ እያለ ያድጋል። ጀማሪዎችን የሚያበሳጭ አንድ ወጥመድ አለ፤ መሣሪያው የሁለቱን ስክሪን ነገሮች የሚያገናኘው በስማቸው ነው። መጀመሪያው ላይ «ፎቶ» ያላችሁትን ሁለተኛው ላይ «ፎቶ 2» ካላችሁት ሌላ ነገር ይመስለውና አንዱን አደብዝዞ ሌላውን ያመጣል። «ለምን አልንቀሳቀስ አለኝ?» ብላችሁ ፀጉራችሁን ከመንጨታችሁ በፊት ስሙን አረጋግጡ።

ፕሮቶፓይ የሚባለው ደግሞ የስልኩን ዘንበል ማለት፣ ድምፅና ካሜራ ጭምር እንደ መነሻ መጠቀም ያስችላል። ፍሬመር ድሮ በኮድ የሚሠራ ነበር፤ አሁን ወደ ዌብሳይት መሥሪያነት ዞሯል።

የታክሲ ፍሬን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ ጊዜ። «ወራጅ አለ» ስትሉ ጥሩ ሹፌር ቀስ እያለ ይይዝና ያቆማል። መጥፎው በአንዴ ይረግጠውና ሁላችሁም ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። ስክሪን ላይም ያው ነው። አንድ ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ፍጥነት መጥቶ ድንገት ቀጥ ካለ ዓይን ይጎረብጠዋል። መጀመሪያ ፈጠን፣ መጨረሻ ላይ ዝግ ብሎ ቢቆም ግን ልብም አትሉት። በመሣሪያዎቹ ውስጥ ይህ በአንድ ጠመዝማዛ መስመር ይታያል፤ መስመሩን በማውዝ ጎትታችሁ ፍሬኑን ታስተካክላላችሁ።

ርዝመቱስ? ሮበርት ሚለር የሚባል ተመራማሪ በ1968 ሰው ከኮምፒውተር መልስ ሲጠብቅ ስለሚሰማው ነገር ከጻፈ ወዲህ ብዙ ሳይቀየር የቆየ ልክ አለ፦ 100 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ መልስ ከመጣ «ወዲያው» ይመስለናል። ስክሪን ከስክሪን ሲቀያየር ደግሞ ስልክ ላይ በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ይመከራል። 500 ትንሽ ቁጥር ትመስላለች፤ ግን በቀን 40 ጊዜ የምትከፍቱት አፕ ላይ 500 አድርጋችሁ ሞክሩት፤ በማግስቱ ትጠሉታላችሁ።

የተነደፈው አኒሜሽን ተመልሶ በኮድ መሠራት አለበት ወይ? የግድ አይደለም። በ2017 ኤርቢኤንቢ «ሎቲ» የሚባል ነገር በነፃ ለቀቀ። አፍተር ኢፌክትስ ላይ የተሠራን አኒሜሽን ወደ ጄሰን ፋይል ቀይሮ አፕ ውስጥ ያስገባል። ፋይሉ ቪዲዮ አይደለም፤ «ይህ ቅርጽ በዚህን ያህል ጊዜ ከዚህ ወደዚህ ይሂድ» የሚል የጽሑፍ መመሪያ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ጥቅል እየቆጠረ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስሙ የመጣው ጥቁር ወረቀት እየቆረጠች ፊልም ከሠራችው ጀርመናዊት ሎተ ራይኒገር ነው፤ በ1926 ያወጣችው የልዑል አሕመድ ፊልም እስካሁን ከተረፉት ሙሉ የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ራይቭ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ከዚህ ገፋ አድርጎ፣ አኒሜሽኑ ራሱ «ይህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ» የሚል ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። ዱዎሊንጎ ላይ አፋቸው ከድምፁ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀሰው ገጸ ባሕርያት በእሱ ነው የተሠሩት።

ፕሮቶታይፕ ሲዋሽ

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ያቺን የ«ላክ» ስክሪን ራሳችን ፊግማ ላይ ሠራናት። የመጀመሪያው ሙከራ ቆንጆ ነበር። በተኑን ስትነኩት ተሰብስቦ ክብ ይሆናል፣ ክቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ የራይት ምልክት ብቅ ትላለች። ሁላችንም ወደድነው። ከዚያ ያ ብሩ ሁለቴ የሄደበት ልጅ «ኔትወርክ ባይኖርስ?» አለ።

ዝም አልን። ምክንያቱም አረንጓዴዋ ምልክት የምትመጣው ብሩ ደርሶ አልነበረም፤ 300 ሚሊ ሰከንድ ስለሞላ ነው። ሶሻል ሚዲያ ላይ ላይክ ስታደርጉ ልቧ ወዲያው ቀይ የምትሆነው ሰርቨሩ እስኪመልስ ሳትጠብቅ ነው። ለላይክ ችግር የለውም፤ ባይሳካ ማን ይሞታል? ለገንዘብ ግን ውሸት ነው። ባለሱቁ አረንጓዴውን አይቶ ዕቃውን ይሰጣችኋል፣ ብሩ ግን አልሄደም። እና የሚያስፈራው ነገር፣ ፕሮቶታይፕ ላይ ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ፤ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ይሳካል። መሣሪያው ራሱ ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንድንነድፍ ይገፋናል።

ስለዚህ አንዱን ስክሪን አራት አደረግነው። እየተላከ ነው፣ ተልኳል፣ አልተላከም፣ አራተኛውና ከባዱ ደግሞ ውጤቱ አልታወቀም። ፊግማ ላይ «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ» የሚል ማዘዣ አለ፤ እሱን 8 ሰከንድ ላይ አድርገን፣ ምንም ለማያውቅ አንድ ጓደኛችን ስልኩን ሰጠነው። የምትዞረዋን ክብ ትንሽ አየ፣ 4ኛው ሰከንድ አካባቢ ጣቱ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ልክ ሱቁ ውስጥ እንደሆነው! በ3ኛው ሰከንድ ላይ «ኔትወርክ ዘግይቷል፣ እባክዎ ድጋሚ አይንኩ» የሚል ጽሑፍ ከታች እንዲወጣ አደረግንና ለሌላ ሰው ሰጠን። እሷ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ሁለት ሰው ጥናት አይባልም፣ እናውቃለን። ግን አንድ መስመር ኮድ ሳንጽፍ፣ በአንድ ከሰዓት የተገኘ ነው።

ሁለተኛው ውሸት ቋንቋ ነው። መጀመሪያ በተኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ሴንድ» ብለን ነበር የሠራነው፣ ልማድ ሆኖብን። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ላክ» ሁለት ፊደል ናት፣ «እየተላከ ነው» ደግሞ ሰባት። ጽሑፉ ሲቀየር በተኑ ወደ ጎን ዘለለ። ስፋቱን ቀድሞ ለረጅሙ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው መፍትሔው። ሌላው ደግሞ፣ ሱ እና ሲ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ ጽሑፉ እየተንሸራተተ ሲመጣ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ሳጥኑ ይንቀሳቀስ፣ ፊደሉ ግን ቆሞ ይነበብ። ፎንት የቸገራችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጵክ ጎግል ፎንትስ ላይ በነፃ አለ፤ ፊግማ ውስጥም ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው ውሸት ስልኩ ነው። ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ ወደ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይህ ምንም አይደለም። 2 ጊጋ ራም ባለው፣ ማከማቻው በፎቶ በሞላ ስልክ ላይ ግን ጥላውና ብዥታው ሲደራረብ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እኛ ያሳየነው አሮጌ ስልክ ላይ ክቡ ሦስት ቦታ እየዘለለ ነው የተሰበሰበው። እርግጥ የተንቀጠቀጠው የፊግማ አፕ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይከብዳል። ቢሆንም ጥላዎቹን አነሳናቸው፤ ማንም አልናፈቃቸውም።

እንቅስቃሴ ሲበዛም ጣጣ አለው። በመስከረም 2013 አይፎን ወደ አይኦኤስ 7 ሲቀየር አፕ በከፈታችሁ ቁጥር ስክሪኑ ወደ ውስጥ የሚስባችሁ ይመስል ነበር፤ ራሳቸውን ያዞራቸው፣ ያቅለሸለሻቸው ሰዎች ቅሬታ አሰሙ። በወሩ በወጣው ማሻሻያ፣ እንቅስቃሴ መቀነሻውን ሲያበሩ ያ መሳብ በቀላል መደብዘዝ እንዲተካ ተደረገ። ዛሬ አንድሮይድም አይፎንም አኒሜሽን መቀነሻ ወይም ማጥፊያ አላቸው፤ አፑን የሚሠራው ሰው ያንን ምርጫ ማክበር አለበት።

በምን እንጀምር?

እኛ አካባቢ ብዙው ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ኦሪጋሚና ፕሪንሲፕል በማክ ብቻ ስለሚሠሩ ለጊዜው እርሷቸው። ፊግማና ራይቭ በብራውዘር ይከፈታሉ፤ በነፃ መጀመር ይቻላል። በአንድ መሣሪያ ፍቅር ግን አትያዙ። ፒክሴት በ2015 በጎግል ተገዝቶ በዓመቱ ተዘጋ፤ በአንድ ወቅት ሁሉም የሚጠቀምበት ኢንቪዥን በ2024 መጨረሻ ቆመ። ላፕቶፕ ለሌላችሁ፣ ወረቀት ላይ ስክሪኖቹን ስላችሁ፣ ጓደኛችሁ ሲነካው ወረቀቱን በእጃችሁ ቀይሩለት። ያስቃል፣ ግን ይሠራል፤ የአራተኛውን ስክሪን ጥያቄ ወረቀትም ያወጣዋል።

አሁኑኑ በስልካችሁ ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ይህን ሞክሩ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት፤ አንዳንድ ስልክ ላይ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ነው ያለው። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል። እዚያ ውስጥ በ«አኒሜሽን ስኬል» እና በ«ዱሬሽን ስኬል» የሚያልቁ ሦስት መስመሮች አሉ፤ 10 ላይ አድርጓቸው፣ ሌላውን ምንም አትንኩ። አሁን የምትወዱትን አፕ ክፈቱ። ያ በ300 ሚሊ ሰከንድ የሚያልፈው ነገር 3 ሰከንድ ይፈጃል፤ የቱ ፍሬን እንደያዘ፣ የቱ እንደነጠረ፣ የቱ ቀድሞ እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ከዚያ የምትከፍሉበትን አፕ ክፈቱና በተኑን ስትነኩት ምን እንደሚላችሁ ተመልከቱ፤ ብር ሳትልኩ ታዲያ! ስትጨርሱ ሦስቱንም ወደ 1 መልሱ፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽንሱንም አጥፉት፤ እሱ ክፍት ከሆነ አልከፈትም የሚሉ የባንክ አፖች አሉ። ያያችሁትን ስክሪን ሪከርድ አድርጋችሁ ኮሜንት ላይ ላኩልን፤ የአካውንት ቁጥራችሁን መሸፈን እንዳትረሱ።